ከቃላድ እስከ ሳተላይት፤ የአቃቂ ተፋሰስና መሬትን በደረጃ የመመደብ ታሪክ

መሬትን መለካት፣ ከለኩም በኋላ ይህ ፊተኛ ያኛው ኋለኛ እያሉ በደረጃ መመደብ በአገራችን የቆየ ሥራ ነው። አዲስ የሆነው መለኪያው ነው። አያቶቻችን በገመድ የለኩትን መሬት የዛሬ ሰዎች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚዞር ሳተላይት ይለኩታል፤ እነርሱ ለግብር የመደቡትን እነዚህ ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ ይመድቡታል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ በየዩኒቨርሲቲው በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች መጨረሻ ላይ ዘወትር የሚገኝ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የአንድን ወንዝ ንዑስ ተፋሰሶች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይደረድርና ጥበቃው ከየትኛው መጀመር እንዳለበት ይፈርዳል። ፍርዱ ግን ለየትኛው ጥያቄ የተሰጠ መልስ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ይህን ጕዳይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ምድር ላይ ቆሞ መመርመር ይጠቅማል፤ ከበላዩ ያሉት ተራሮች ውኃና አፈር ሁሉ በመጨረሻ የሚደርሰው ወደዚያ ነውና።

ታሪኩን ከቃላድ እንጀምር። በሸዋና ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግዛታቸውን ባሰፉባቸው አገሮች መሬት በቃላድ መለካት የተስፋፋው በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ቃላድ 133 ክንድ ርዝመት ያለው ጠፍር ወይም ገመድ ነበር፤ በሜትር ሲመነዘር 66 ተኩል ያህል ይሆናል። በዚህ ገመድ እየተለካ የሚወጣው ጋሻ መሬት በተለምዶ 40 ሄክታር ያህል ነው ይባላል እንጂ በሁሉም ስፍራ እኩል አልነበረም። ከዚያም መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በሦስት ይመደባል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመሬቱንና የግብሩን ሥርዐት ከነብዙ ዝርዝሩ አቆይተውልናል።

እዚህ ላይ ቃላቱን መመልከት ያስፈልጋል። «ጠፍ» የሚለው ቃል ስለ አፈሩ ጠባይ ከመናገሩ በፊት ሰው የሌለበትን፣ ያልታረሰውን መሬት የሚያመለክት ነው። ስለዚህ ሦስቱ መደቦች የተፈጥሮ መደቦች አልነበሩም፤ መሬቱ ለመንግሥት ምን ያህል ሊያስገባ እንደሚችል የሚናገሩ መደቦች ነበሩ። ዛሬ ጠፍ የተባለው ነገ ሰው ሲሰፍርበትና ሲታረስ ለም ጠፍ ሊባል ይችላል፤ አፈሩ ግን ያው የትናንቱ አፈር ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅም ገንዘቡን የወሰነው በእነዚሁ በሦስቱ መደቦች ነበር። ባለመሬቱ ይህን አሳምሮ ያውቅ ስለ ነበር መሬቱ ዝቅ ባለ መደብ ቢገባለት ይወድ እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም። የዛሬው ምደባ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው፤ በሳተላይት ምደባ አንደኛ የሚባለው ከሁሉ የበለጠ የተጎዳው ነው፤ ገንዘቡም ባለሙያውም ወደ አንደኛው ስለሚሄድ ወረዳው መሬቴ ተጎድቷል ቢባልለት አይጠላም።

አሁን ወደ ምድሩ እንለፍ። የአቃቂ ተፋሰስ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በሰሜን በእንጦጦ፣ በምዕራብ በወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ በፉሪ፣ በምሥራቅ በየረር ተራሮች የተከበበ እንደ ገበታ ያለ አገር ነው። የተራሮቹ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል ከተማውን አቋርጠው ይወርዱና በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ሲዘንም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል።

ስሞቹም የሚነግሩን ነገር አለ። ከአቃቂ አጠገብ ያለው ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በትንሹ አቃቂ ምንጭ አካባቢ ያለው ገፈርሳ ደግሞ በዚያው ቋንቋ ጎሽ ማለት ነው፤ ጎሽ ጫካና ረግረግ ይፈልጋልና ስሙ ያ ስፍራ በአንድ ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ሳይጠቁም አይቀርም። የሜዳውን ጥቁር አፈር ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ፣ አማርኛ ተናጋሪው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል። ይህ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ፣ በክረምት አብጦ ውኃ አላሳልፍ የሚል ነው። «ተፋሰስ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ፈሰሰ» የወጣ ነው። ከዚሁ ሥር ገበሬው በእርሻው ላይ ትርፉን ውኃ ለማስወጣት በማረሻ የሚያወጣው ቦይ «ፈሰስ» ይባላል፤ ከቤትና ከፋብሪካ የሚወጣውም ቆሻሻ ውኃ «ፍሳሽ» ይባላል። ሊቃውንት በካርታ ላይ ለይተው የሚያጠኗቸው ሦስቱም ነገሮች በአቃቂ ወንዝ አንድ ላይ ይሄዳሉ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጥድና የወይራ ደን አስቀድሞ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለሠፈሩና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናምኖ ነበር። ከዚህ የተረፈ ትልቅ ደን ቢኖር በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው፤ የዚህም ደን ጥበቃ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ እንደ ሆነ ይተረካል። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ፣ ያስገባውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ በእንጨት እጦት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር የነበረው ሐሳብም ቀረ። የእንጦጦ ራስ እንደ ገና አረንጓዴ ሆነ። ይህን አረንጓዴነት አንባቢው ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአቃቂ ወንዝ ከደለሉ በፊት የታወቀው በኀይሉ ነው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኀይል ማመንጫ የተተከለው በዚሁ ወንዝ ላይ ነበር። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን ሁለቱ አቃቂዎች በሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ ለአዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት ብርሃን ሰጠ። በ1960ዎቹ ሥራው ተቋረጠ። ምክንያቱ የጥገና ጉድለትና በሐይቁ ውስጥ የተጠራቀመው ደለል ነበር፤ በኋላም እምቦጭ የተባለው አረም ውኃውን ወረሰው። በቻይና ድርጅት እጅ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ለማመንጨት እንደ ገና ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከአባ ሳሙኤል በኋላ ከተማይቱ ለመጠጥ ውኃዋ ገፈርሳን፣ ለገዳዲን፣ ድሬን በላይኛው ተፋሰስ ገደበች፤ በ1990ዎቹም በአቃቂ ሜዳ ጥልቅ ጕድጓዶችን አስቈፍራ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። እንግዲህ የላይኛው አገር ለታችኛው ጎርፍና ደለል ሲሰድ፣ ታችኛው ለላይኛው ንጹሕ ውኃ ይመልሳል። ይህን የንግድ ሚዛን በደረጃ ሠንጠረዥ ውስጥ ያገባ አላየሁም።

መሬትን ከሰማይ የማየቱ ታሪክም ከዚሁ ሜዳ ይነሣል ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የመጣው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የአቃቂ ሜዳ፣ ልሙጥና ገላጣ በመሆኑ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሆነ። ገበሬው በእግሩ ሲሻገረው የሚጨቀየው ሜዳ ለበራሪው የተዘረጋ ምንጣፍ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለጦርነቱና ለካርታ ሥራ ሲሉ ከአየር ላይ ብዙ ሺህ ፎቶግራፎች አነሡ። እነዚህ ሥዕሎች በ50 በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው፣ ቍጥራቸው 8,281 ሆኖ፣ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ግምጃ ቤት ተገኝተዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ጎን ዘንበል ብለው የተነሡ አራት ፎቶግራፎች አሉ። ለወረራ የተነሣ ሥዕል ዛሬ ደኑ የት ድረስ እንደ ነበር፣ ቦረቦሩ ከየት እንደ ጀመረ ለማወቅ የሚያገለግል ምስክር ሆኗል። ቀጥሎም ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር በተደረገው የዐባይ ሸለቆ ጥናት የአየር ፎቶግራፍ የመሬት ጥናት ዋና መሣሪያ መሆኑ ታየ።

ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው የመሬት መመልከቻ ሳተላይት ሲመጥቅ ነገሩ መልኩን ለወጠ። የዚያን ጊዜው ምስል አንዱ ነጥብ 80 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ ይህም ከአንድ ቃላድ ርዝመት ብዙም የማይርቅ መሆኑ ያስደንቃል። ዛሬ ነጥቡ ወደ 30 ሜትር፣ በአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል ደግሞ ወደ 10 ሜትር ወርዷል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. አንዲት የጠፈር መንኰራኵር በራዳር የምድርን ከፍታና ዝቅታ ለካች፤ ዛሬ የአቃቂን ንዑስ ተፋሰሶች ወሰን የሚያወጣ ተማሪ ሁሉ ከዚህ ልክ ወይም ከመሰሎቹ ይነሣል። የኛም አገር የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር መጥቃለች፤ ምስሏን እንዲቀበል የተሠራው ጣቢያ የቆመው በእንጦጦ ነው። አቃቂ ከሚመነጭበት ተራራ ላይ ማለት ነው።

አሁን ደረጃው እንዴት እንደሚሰጥ እንመልከት። ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የወንዞችን አወራረድ ብቻ የሚቈጥር ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሆርተን እ.ኤ.አ. በ1945፣ ከእርሱም በኋላ አርተር ስትራለር እንዳሳዩት፣ ትንንሾቹ ጅረቶች ስንት እንደ ሆኑ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር ጅረት እንዳለ፣ ተፋሰሱ ክብ ይሁን ረዥም፣ ይህ ሁሉ በቍጥር ይገለጣል። ጅረት የበዛበትና ቍልቍለቱ የጠነከረው ንዑስ ተፋሰስ ፊተኛ ይባላል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስለ አፈሩና ስለ ሰዉ ምንም የማይጠይቅ ስለ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ የሚታጠበውን አፈር በቶን የሚያሰላ ነው። ቀመሩን ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን በአገራቸው የሙከራ ማሳዎች ላይ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1965፣ አሻሽለውም በ1978 አሳተሙት። ለኢትዮጵያ ያስማማው የስዊሱ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲመራ በማይባር፣ በአንጀኒ፣ በአንዲት ጢድ፣ በሁንዴ ላፍቶ፣ በጉኑኖ፣ በዲዚና በአፍደዩ ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበር። ከሰባቱ አንዱም በአቃቂ አካባቢ አልነበረም፤ ከሁሉ የሚቀርበው በሰሜን ሸዋ ያለው አንዲት ጢድ ነው፤ እርሱም ብርዳማ ደጋ ነው። ስለዚህ የአቃቂ ሒሳብ የሚሠራው በብድር ቍጥር ነው።

ቀመሩ የዝናሙን ኀይል፣ የአፈሩን ጠባይ፣ የቍልቍለቱን ርዝመትና ጥንካሬ፣ የምድሩን ልብስና የአስተራረሱን ልማድ እርስ በርሳቸው ያባዛል። ሁርኒ የአፈሩን ጠባይ በቀለሙ ገለጠው፤ ለጥቁር አፈር 0.15፣ ለቡናማ 0.20፣ ለቀይ 0.25፣ ለቢጫ 0.30 ሰጠ። ባላገር አፈርን በቀለሙ ሲጠራ የኖረ ስለ ሆነ ይህ ከሁሉ በላይ ለአገሩ የቀረበ ሐሳብ ነው። ለዝናሙም ቀላል ሒሳብ አለው፤ የዓመቱን ሚሊ ሜትር በ0.562 አባዝቶ 8.12 መቀነስ ነው። ለ1,200 ሚሊ ሜትር 666 ይሆናል።

አንባቢው ራሱ እንዲፈርድ ሁለት ማሳዎች እንውሰድ፤ ሁለቱም ጤፍ የተዘራባቸው፣ ቍልቍለታቸው 20 ሜትር የሚረዝም፣ አግድም የታረሱ ይሁኑ። አንደኛው በተራራ ግርጌ፣ ቀይ አፈር፣ ተዳፋቱ ከመቶ 30 ነው። ሁለተኛው በአቃቂ ሜዳ፣ ጥቁር አፈር፣ ተዳፋቱ ከመቶ 5 ነው። በሁርኒ ሠንጠረዥ ለተዳፋቱ 3.0ና 0.4፣ ለርዝመቱ 1፣ ለጤፍ 0.25፣ አግድም ለማረስ 0.9 ይገኛል። ብናባዛው ከቀዩ ማሳ በዓመት በሄክታር 112 ቶን፣ ከጥቁሩ 9 ቶን ይታጠባል። ያው ቀይ ተዳፋት ግን ጥቅጥቅ ባለ ደን ቢሸፈን፣ ለደን የተሰጠው 0.001 ስለ ሆነ፣ የሚታጠበው ግማሽ ቶን ብቻ ነው። ሁርኒ ለታረሰው መሬት ሁሉ የገመተው አማካይ 42 ቶን መሆኑን ስናስታውስ፣ የአቃቂ ሜዳ በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ ቢወድቅ አያስገርምም። ሒሳቡ ትክክል ነው። የኔ ክርክር ከሒሳቡ ጋር አይደለም፤ ከጥያቄው ጋር ነው።

መጀመሪያ፣ ይህ ቀመር የሚቈጥረው ከላይ ከላይ እንደ ምንጣፍ የሚገፈፈውንና በትንንሽ ቦዮች የሚወርደውን አፈር ብቻ ነው፤ ቦረቦርን አይቈጥርም። ጥቁሩ አፈር ግን የሚሸነፈው በቦረቦር ነው። በበጋ የተሰነጠቀው ምድር በመጀመሪያው ጎርፍ ውኃውን በስንጥቁ ይቀበላል፤ ውኃው ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ከዚያም ዳሩ እየተገመሰ ይወድቃል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ደግሞ የተራራው ብቻ አይደለም። ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ያለው ከተማ በቆርቆሮ፣ በሲሚንቶና በአስፋልት ሲሸፈን ቀድሞ ወደ ምድር ይሰርግ የነበረው ዝናም በቱቦና በቀበና፣ በባንተይቅጡ፣ በቀጨኔ በኩል በአንድ ጊዜ ወርዶ የአቃቂን ዳር ይመታል። በሒሳቡ 9 ቶን የሚያጣው ሜዳ በሌላ ሰው ውኃ ሙሉ ዳርቻውን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሳተላይቱ የሚያየው ባየበት ቀን ያለውን ነው። በሐምሌና በነሐሴ የአቃቂ ሰማይ በደመና ይሸፈናል፤ ስለዚህ ጥርት ያለው ምስል የሚገኘው ከጥቅምት በኋላ ነው። በመረሬ መሬት ላይ ግን ገበሬው ውኃውን እየፈራ ጤፉን ዘግይቶ ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያውንም ክረምቱ ሊወጣ ሲል በተረፈው እርጥበት ላይ ይጥላል። ዝናሙ በሚበረታበት ሰዓት ማሳው የታረሰና የተራቈተ ነው፤ ምስሉ በሚነሣበት ሰዓት አረንጓዴ ወይም ገለባ የለበሰ ነው። ከገለባው ተነሥቶ የሐምሌን መራቈት የሚገምት ሰው ያላየውን ይፈርዳል። በራዳር የሚያዩ ሳተላይቶች ደመናን ዘልቀው ስለሚያዩ ይህን ጕድለት በከፊል ይሞላሉ፤ በደረጃ ሠንጠረዦች ላይ ግን እስካሁን የሚበዛው የበጋው ምስል ነው።

ሦስተኛ፣ ያው የእንጦጦ አረንጓዴነት አለ። ከላይ ሲታይ ባሕር ዛፉ ደን ነው፤ ሠንጠረዡም የደን ቍጥር ይሰጠዋል። ከሥሩ ቢገባ ግን የረገፈው ቅጠል በመጥረጊያ ተጠርጎ ምድሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ቅጠሉና ጭራሮው ለአዲስ አበባ ምድጃ ማገዶ ስለ ሆነ ሴቶች በየዕለቱ ጠርገው፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ሲያወርዱ ኖረዋል። ይህ የኑሮ ነገር ነው፤ ሸክሙን የሚያውቅ ሰው ሊወቅሳቸው አይደፍርም። ለአፈሩ ግን ጥላ ብቻውን ልብስ አይሆንም፤ ከረዥም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ባዶ ምድርን አጥብቆ ይመታል። ከሳተላይቱ የተሰወረውን ይህን ነገር የሰዎችን ኑሮ የሚያጠና ተማሪ በአንድ ጧት ሊያየው ይችላል። ራዳሩም የባሕር ዛፉን ራስና የቤቱን ጣራ እንደ መሬት ገጽ ስለሚቈጥር፣ በልሙጡ የአቃቂ ሜዳ ላይ የጅረቱን መንገድ አሳስቶ መሣሉ የተለመደ ነው። ጥቂት ሜትር ስሕተት በተራራ ላይ ምንም አይደለም፤ በሜዳ ላይ ግን ውኃውን ወደ ሌላ ሰው ማሳ ያዞረዋል።

ደረጃ መስጠት የወረቀት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርኩ። ነገር ግን ከደረጃው በስተኋላ የሰው ጕልበት አለ። ከ1966ቱ ረኃብ በኋላ በምግብ ለሥራ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን በተራሮች ላይ ተሠራ፤ የሚሠራበትን ስፍራ የሚመርጠው ግን ባለማሳው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ገበሬው እርከኑን አፈረሰ፤ መሬቴን አጠበበው፣ አይጥ አረባበት፣ በሬ ማዞር ከለከለኝ ይል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ባለው የበጋ ወራት ሕዝቡ ያለ ክፍያ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። አንደኛ የተባለ ንዑስ ተፋሰስ ሰዎች ለወራት ይቈፍራሉ፤ መጨረሻ የተባለው ሜዳ ሰዎች ደግሞ የሌላውን ጎርፍ እየጠበቁ ይከርማሉ። ሁለቱም ምደባውን በሰጠው ጥያቄ ላይ አልተጠየቁም። በዚህ ረገድ ቃላድ ጣዩ ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ብዙ ግፍ በገመዱ ተሠርቷል፤ ነገር ግን ቢያንስ በእግሩ መሬቱን ይረግጥ ነበር፤ ባለመሬቱም ፊቱን ያየው ነበር።

ጥያቄው «አፈር በይበልጥ የሚነሣው ከየት ነው» ከሆነ ሠንጠረዡ የእንጦጦንና የየረርን ተዳፋት መጥራቱ ትክክል ነው። «ጕዳቱ በይበልጥ የሚያርፈው በማን ላይ ነው» ከሆነ ግን መልሱ ከታች ወደ ላይ መፈለግ አለበት። ለዚህ ደግሞ አቃቂ አንድ ትልቅ መዝገብ አላት፤ እርሱም የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሁለቱ ወንዞች ደለል እዚያ ሲደራረብ ኖሯል። ባሕር ዛፉ ገና ወጣት በነበረበት ዘመን የወረደው ከሥር፣ ከተማው ወደ ደቡብ ከሰፋ ወዲህ የወረደው ከላይ ተኝቷል። ደለሉ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? ቀይ ከሆነ የተራራው ነው፤ ጥቁር ከሆነ ሠንጠረዡ የመጨረሻ ያለው የሜዳው ቦረቦር ነው። በትልቁ አቃቂ መግቢያና በትንሹ አቃቂ መግቢያ ያለውስ አንድ ዓይነት ነው ወይ? ይህን ለመመርመር የሚበቃው ረዥም ቱቦ፣ ጀልባና የእምቦጩን አረም የሚገፋ ሰው ነው፤ የሚገኘውንም ዐፈር በሁርኒ የቀለም ሠንጠረዥ አጠገብ አድርጎ ማየት ይቻላል። ከአቃቂ ድልድይ እስከ ሐይቁ ያለው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ መሬቱ ስለሚደርቅ ጭቃው መንገደኛውን አይዘውም።